ኦቨኔ ውስጥ የተጋገረው ማርሚታ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ የበግ ጭን ልጠብስ ኦቨኔን ብከፍት፣ ውስጡ ምን ተጋድሞ ባገኝ ጥሩ ነው? ማርሚታ! የመኪና ማርሚታ! ጥቁር ቀለም ተቀብቶ እንደ ዳቦ እየተጋገረ ነው። ክው ብዬ ቀረሁ።

"ክሊፎርድ!" ብዬ ጮህኩ። ባሌ ጋራዡ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከመኪናው ጋር ይታገላል። ዝም። "ክሊፎርድ!" አሁንም ዝም። ሄጄ ፊቱ ስገተር ነው ቀና ያለው።

"ምነው ማቪስ፣ ምን ሆንሽ?"

"ኦቨኔ ውስጥ ምን እየሠራ ነው ያ ጉድ?"

"ቀለሙ እንዳይላጥ በሙቀት መድረቅ አለበት። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

ይሄን እንኳ አልዋሸም። እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሃሊፋክስ፣ ተፈታቶ በካርቶን የመጣ መኪና እቤቱ የሚገጣጥም ወንድ ሁሉ የሚስቱን ኦቨን ሳይወርስ አያርፍም። ያን ቀን የበላነው በግ ቀለም ቀለም ይል ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ግን በጉ አይደለም፤ ዝምታው ነው።

ክሊፎርድና እኔ የተዋወቅነው ምንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እዚያ የሽመና መኪናዎቹ ሲንጫጩ ድምፅ ዋጋ የለውም፤ ሁላችንም የምንነጋገረው በከንፈር ነበር። እንዳገባው የጠየቀኝም በሁለት የሽመና መኪና ማዶ ሆኖ፣ ያለ ድምፅ ነው። እሺ ያልኩትም ያለ ድምፅ። ያኔ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል እያንዳንዷን ቃሌን ይለቅም የነበረ ሰው፣ ጡረታ ወጥተን ፀጥ ባለ ቤት ስንቀመጥ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ! ከኋላው ሆኜ ሻይ ትጠጣለህ ብለው ዝም። ወገቤን አመመኝ ብለው ዝም። ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሳወራ ከረምኩ። ሰውዬው ጠልቶኛል አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ሐሙስ ዕለት ቆረጥኩ። ጋራዥ ገባሁ። ማርሚታውን ከጎን በኩል ሊያስር መኪናው ሥር ተንጋሏል፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው።

"ክሊፎርድ፣ በቅቶኛል" አልኩት። "ቅዳሜ እህቴ ሄዘል ጋ ዊትቢ እሄዳለሁ። አልመለስም።"

የብሎን መፍቻው መንቋቋቱን አላቋረጠም። ከዚያ እጁ ከሥር ብቅ አለና አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ። ጎሽ፣ ሂጂ ማለቱ ነው! የአርባ ዓመት ትዳሬ ባንድ አውራ ጣት ተሸኘ። ወጥቼ ሻንጣዬን ማሰናዳት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ሻንጣዬን በር ላይ አስቀምጬ ታክሲ ጠራሁ። ክሊፎርድ ደግሞ መኪናውን ወደ ደጅ ገፍቶ አውጥቷል፤ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊነሳ ነው። ጎረቤታችን ሚስስ ሆልሮይድ የሻይ ኩባያዋን ይዛ አጥሩ ላይ ተደግፋለች። የመኪና ክበቡ ጓደኛው ኦልዊንም መጥቷል፤ በያጅ ነው፣ ምላሱም እንደ እሳቱ ነው።

"ይሄን ሰውዬሽን ምከሪልኝ" አለኝ ኦልዊን። "ጭሱ ከኋላ የሚወጣውን ማርሚታ ግዛ፣ እሱ ፀጥተኛ ነው ብዬ ለምኜዋለሁ። መርማሪዎቹ ድምፁን በመሣሪያ ለክተው ከበዛ ታርጋ አይሰጡትም። በጎን የሚወጣው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ! በቅሎ!"

"እኔን አይሰማኝም" አልኩ። "ሞክረው አንተ።"

ክሊፎርድ ቁልፉን አዞረ።

በስመ አብ! ምድር የተሰነጠቀች መሰለኝ። መስኮቱ ተርገፈገፈ፣ የሰፈር ውሻ ሁሉ አበደ፣ የሚስስ ሆልሮይድ ኩባያ ከእጇ አምልጦ ተከሰከሰ። ሁላችንም ጆሯችንን ይዘን ጎበጥን። ክሊፎርድ ግን ወርዶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና ፈገግ አለ።

"አያችሁ?" ይላል፣ ፊቱ በርቶ። "እንደ ድመት ነው የምታንኮራፋው! ፈተናውንማ ታልፋለች!"

"ያሾፍብናል እንዴ?" ብሎ ኦልዊን ዘሎ ሞተሩን አጠፋው። ወደ ጋራዡ ገልመጥ ሲል መደርደሪያው ላይ ነጭ ጥጥ መሳይ ክምር አየ። "የማርሚታው የድምፅ ማፈኛ ጥጥ! ሲጋግረው አውጥቶ ሳይመልሰው ነው የገጠመው! ኧረ ይሄን እንዴት አትሰማም ሰውዬ?"

ክሊፎርድ ጀርባውን ሰጥቶታል። አልመለሰም። ይሄኔ ታክሲው ደረሰና ከክሊፎርድ ጀርባ ቆሞ ክላክሱን ለቀቀው። እኔ ዘለልኩ። ባሌ ንቅንቅ አላለም። ሾፌሩ ደገመው፤ ክሊፎርድ ኮፈኑን በጨርቅ ይወለውላል።

ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ የተናገርኩት ለጀርባው ነበር!

ዞሬ ፊቱ ቆምኩ። "ክሊፎርድ፣ ትሰማኛለህ?"

ዓይኑ የተተከለው ዓይኔ ላይ አይደለም፤ ከንፈሬ ላይ ነው። ፊቱ ቀስ እያለ ወረደ።

"ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጆሮዬ ከዳኝ" አለ። "እንድታዝኚልኝ አልፈለግኩም።"

"ሐሙስ ምን እንዳልኩህ ታውቃለህ?"

"ጫማሽን አይቼዋለሁ። እንዴት እየሄደልህ ነው ልትዪኝ የመጣሽ መስሎኝ..." ታክሲውን አየ። ሾፌሩ የሚጭነውን ሻንጣዬን አየ። "ማቪስ? የት ነው?"

ከንፈሬን እንዲያይ ተጠጋሁት። "ሞኝ! ታዲያ ይሄን ጩኸታም ለምን መረጥክ?"

"መጠጥ ቤቱ ግቢ ክበቡ ሲሰበሰብ፣ ማርሚታ እንድንመርጥ መኪናዎቹን ተራ በተራ እያስነሱ ያሰሙናል። ሁሉም እንደ ድንጋይ ሆኑብኝ። በጎን የሚወጣውን ብቻ ሰማሁት፤ ትንሽ፣ ከሩቅ።" ጨርቁን ጨመቀው። "አንድ ነገር ልስማ ብዬ ነው።"

ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ፣ "እመቤቴ፣ ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም?" አለኝ።

ክሊፎርድ ከገጣጠመው መኪና ወዲያ ማዶ ዞሬ ቆምኩ። ክሊፎርድ ከወዲህ ነው፣ ሞተሩ መሀላችን፤ ልክ እንደ ፋብሪካው። ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

አንዴ አነበበኝ። ያላመነ ይመስል ሁለተኛ አስደገመኝ።

"ምን አለችው? ኧረ ምን አለችው?" ትላለች ሚስስ ሆልሮይድ፣ የኩባያዋን ስብርባሪ እየረገጠች። "እኔ እንጃ፣ ምንም አልሰማሁም" ይላታል ኦልዊን።

ክሊፎርድ ሄዶ ሻንጣዬን ከታክሲው አወረደ።