ከወርቁ ጎን ያለው ብር

…ደግሞስ ወንድ ልጅ ወርቅና ብር አይደባልቅም፣ አለቀ፣ ማን እንዳለው ሳያት አታውቅም፣ ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ራሷ ያወጣችው ሕግ ነው፣ ግን ሕግ ነው። ፒያሳ፣ የጋሽ ገብረጻድቅ ወርቅ ቤት፣ መስታወቱን ተደግፋ የእጮኛዋን ግራ እጅ ታያለች፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የቃል ኪዳን ቀለበት ሊለካ የተዘረጋ እጅ፣ መሀል ጣቱ ላይ ያ የብር ቀለበት። የድሮ ፍቅረኛው የወንጌላዊት ብር።

ሕዝቄ፣ ይሄ እኮ ከወርቁ ጋር አይሄድም፣ ትለዋለች፣ ድምጿን ቀለል አድርጋ፣ ስለ ፋሽን የምታወራ መስላ። ምን ችግር አለው፣ ይላል እሱ፣ አሁን ሁሉም እየደባለቀ አይደል፣ አንቺስ ጆሮሽ ወርቅ፣ አንገትሽ ብር። እውነቱን ነው፣ እጇ ሮጦ ሀብሏን ሸሚዟ ውስጥ ይከተዋል፣ እኔ ሴት ነኝ፣ ደሞ ይሄን የገዛሁት ራሴ ነኝ፣ ማንም አንገቴ ላይ አላሰረልኝም። እሱ ግን፣ በቤተ ክርስቲያን ኳየር ዘመን፣ ከወንጌላዊት ጋር ሐይቁ ዳር ተለዋወጥን፣ ውስጡ ስሟን አስጽፌ ነበር፣ ብሎ ራሱ ነው የነገራት፣ በቅንነት፣ ምናለ ባይነግራት። ከተለያዩ አራት ዓመት፣ ልጅቷ ዲላ አግብታ ወልዳለች፣ ታዲያ ቀለበቱስ? ለምጄው ነው ሳዩ፣ ደግሞ አይወጣም። አይወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ እጅ እጇን ሲይዝ መጀመሪያ የሚነካት እሱ ብር ነው፣ ቅዝቅዝ ያለ፣ ቅናት እንዲህ እንደሚያንገበግብ ማን በነገራት።

ጋሽ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለ ማማሩ እናንተ ታውቃላችሁ ልጆቼ፣ ግን ጎን ለጎን ከሆኑ ይፋተጋሉ፣ ሃያ አንድ ካራት ለስላሳ ነው፣ ተበልቶ የሚያልቀው ወርቁ ነው።

ሰማህ፣ ልትል ነው፣ ወርቁ እኔ ነኝ፣ የማልቀው እኔ ነኝ፣ አትልም፣ ፊቷ ይግላል።

እንግዲያው ይውጣ፣ ይላል ሕዝቅያስ፣ እንዲህ በቀላሉ፣ ሳሙና ይመጣል፣ ውሃ፣ ያሻል፣ ያጣምማል፣ ወጣ። አይወጣም የተባለው ወጣ። ጣቱ ላይ ገርጣ ያለ መስመር ቀርቷል። ያዢልኝ፣ ብሎ እርጥቡን መዳፏ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ጭራሽ ያዢልኝ፣ እሷ ግን ውስጡን ወደ መብራቱ አዙራለች፣ ያን ስም ሳታየው ስንት ቀን አንብባዋለች።

የለም። ልሙጥ ነው፣ አንድ ፊደል እንኳን የለም፣ እፎይ፣ ጠፍቷል፣ ደስ ሊላት ይጀምራል፣ ቆይ፣ ምን አጠፋው፣ ሞረድ አልነካው፣ ራሱ ጣቱ ነው፣ ሲሠራ፣ ሲተኛ፣ እሷን አቅፎ ሲስቅ፣ ቀስ በቀስ ፍቆ ፍቆ ወደ ራሱ አስገባው። ስሙ ብሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ትጥለው ነበር፣ ከነቀለበቱ። አሁን ምኑን ትጥላለች።

በወርቁ ውስጥ ማን ብዬ ልጻፍ፣ ይላሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። ሳያት ብለው ይጻፉ፣ ይላል ሕዝቅያስ፣ ፈጥኖ፣ ፈገግ ብሎ፣ ምንም ያልገባው።

ጠለቅ አድርገው ይጻፉልኝ፣ ትላለች፣ ብሩን ጨብጣ።

በጣም ከጠለቀ ወርቁ ይሳሳል ልጄ።

ይሳሳ።