የድንጋያማው መስክ ጥጆች

ልጄ የከብት እርባታ ተምራ ስትመለስ ከምስክር ወረቀቷ ጋር አንድ ኮርማ ይዛ መጣች። ከሦስት ዝርያ የተቀየጠ ነው። ግንባሩ ነጭ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ጎኑ ቡራቡሬ።

«ይሄ ኮርማ ነው ወይስ ድሪቶ?» አልኳት። ስሙ በዚያው ድሪቶ ሆኖ ቀረ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቀያይ ከብት ብቻ ያረባሁ ሰው ነኝ። ከውጭ ኮርማ አስገብቼ አላውቅም። የዛሬው ኮርማዬ የትናንቱ ኮርማዬ ልጅ ነው። በቅርብ ዓመታት ጥጆቹ ትንንሽ ሆነው መወለዳቸውን አይቻለሁ፤ የዕድል ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

«ዕድል አይደለም አባዬ» አለች ልጄ። «ዘመድ ከዘመድ እያጋባህ ምን ትጠብቃለህ? የሩቆቹ ሲገናኙ የአንዱን ድክመት የሌላው ብርታት ይሸፍነዋል። ጥጃው ከእናቱም ከአባቱም ሊበልጥ ይችላል።»

«አንድ ብርጭቆ ውሃ ባንድ ብርጭቆ ላይ ጨምረሽ ሦስት ልታወጪ ነው?»

«ሚዛኑ ይንገርሃ! ደግሞ ከብዙ ዝርያ የተቀየጠ ስለሆነ፣ ልጆቹ እርስ በርስ ቢዋለዱም ብርታቱ ብዙው አብሯቸው ይቆያል።»

ደሜ ፈላ፤ ግን ተስማማን። ግማሾቹ ላሞች ለድሪቶ፣ ግማሾቹ ለኔ ኮርማ። ጥጆቹ ሰባት ወር ሲሞላቸው የድሪቶ ልጆች በአማካይ በሃያ ኪሎ ከበለጡ የኔ ኮርማ ይሸጣል፤ ካልበለጡ ድሪቶ ቄራ ይሄዳል።

ልጄ ከተማ ስለምትሠራ በወር አንዴ ነው የምትመጣው። ማሰማራቱ የኔ ሥራ ነበር። ጥጆቹ ሲወለዱ ቀዮቹን ከነእናቶቻቸው ለምለሙ ወንዝ ዳር፣ የድሪቶን ደግሞ ላይ ድንጋያማው መስክ ላይ አዋልኳቸው። ሚስቴ ምነው ብትለኝ፣ «በቀለም ለይቼ ማሰማራት ልማዴ ነው» አልኳት ዓይኔን በጨው አጥቤ። ልጄ በምትመጣበት ቀን ሁሉንም ባንድ በረት አጉሬ እጠብቃታለሁ።

የሚዛኑ ቀን አንድ በአንድ በብረቱ መተላለፊያ አስገባናቸው። እኔ እገፋለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቀዮቹ በአማካይ መቶ ሰባ አንድ ኪሎ፣ የድሪቶ መቶ ሰማንያ አራት። ሦስት ጊዜ ደመረችው። ከንፈሯን ነከሰች።

«አሥራ ሦስት ብቻ» አለች። «አሸንፈሃል አባዬ። ነገ ለቄራው ሰዎች ደውልላቸው።»

ልቤ ቅቤ መጠጣት ነበረበት። ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። እነዚህ ጥጆች ደረቅ ሣር እየነጩ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ነው ያደጉት። ወንዝ ዳር የከረሙትን በአሥራ ሦስት ኪሎ በልጠዋቸዋል። እንዴት ሆኖ? ምሳ ቀርቦ መብላት አቃተኝ። ዝም ብል ድሪቶ ይታረዳል፤ እኔም መልሱን ሳላውቅ ልሞት ነው።

«ለመሆኑ…» አልኩ በመጨረሻ፣ ሳህኔን እያየሁ፣ «ለምለም ሣር ቢያገኙ ኖሮ ስንት ይመዝኑ ነበር?»

«እነማን?» ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንድ ላይ አይደል እንዴ የከረሙት?»

ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝና ተነስታ ወጣች። ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ልጄ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መዝገቡን ወደኔ ገፋች። «ጻፈው» አለች። «በራስህ እጅ።»

የትኞቹ የት እንደዋሉ ጻፍኩ።

«እሺ፣ ስንት ይሆኑ ነበር?» አልኳት፣ አላስችል ብሎኝ።

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። አንተ ነህ ያበላሸኸው።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ማወቅ ከፈለግህ ድሪቶ ሌላ ዙር ያስወልዳል፤ ልጆቹም ወንዝ ዳር ይውላሉ።»

በማግስቱ ማለዳ ስልኩን አንስቼ ቄራ ደወልኩ። በማጭበርበር ማሸነፍ የለም ብዬ፣ የምሸጥላቸው ቀዩን ኮርማ ነው አልኳቸው። ከዚያ የድንጋያማውን መስክ በር ከፍቼ የድሪቶን ጥጆች ወደ ወንዙ ነዳኋቸው። እየተጋፉ ወረዱ። እኔም ከኋላቸው፣ ወር ሲሞላ ስንት ይመዝኑ ይሆን እያልኩ ተከተልኳቸው።