የእህቴ ኮርቻ

ታላቅ እህቴ በሞተች በስምንተኛው ወር ፈረሷንም ኮርቻዋንም ያዝኩ። ፈረሱን እናቴ ናት የሰጠችኝ፤ ኮርቻውን ግን ማንንም ሳልጠይቅ አነሳሁት። በእኛ ሙያ የሌላ ሰው ኮርቻ ላይ ዝም ተብሎ አይወጣም። ቆዳው የባለቤቱን አቀማመጥ ስለሚይዝ፣ ኮርቻ ሠሪው ፈትቶ ውስጡን እንደ አዲስ ይሞላዋል። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ችኩል ነኝ፤ ለዓለም ውድድር የአገራችን ቡድን የሚመረጥበት ቀን ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

ሙያችን ድሬሳዥ የሚባል የፈረስ ግልቢያ ውድድር ነው፤ ለማያውቀው ሰው አሰልቺ ነው። ፈረሱ አይዘልም፣ አይሽቀዳደምም። በሙዚቃ ይራመዳል፣ ይሽከረከራል፣ ባለበት ይረግጣል፤ ጋላቢው ደግሞ ምንም የማያደርግ መምሰል አለበት። እህቴ በዚህ ሥራ አገር ላገር ዞራ ተጨብጭቦላታል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ «የእሷ ታናሽ» ነበርኩ። አንዴ እንኳ በራሴ ማሸነፍ እፈልግ ነበር። ምን አስዋሸኝ፣ እቀናባት ነበር።

በመጀመሪያው ልምምድ አሠልጣኛችን ከአዳራሹ ትልቅ መስታወት ፊት አስቆመኝ።

«ያ ግራ ትከሻሽ ምን ነካው?»

«ደግሞ ምን አጠፋ?»

«ቀጥ ብሏላ! ስንት ዓመት ስጨቀጭቅሽ እምቢ ያለው!»

በመስታወቱ አየሁት። እንደ ልማዴ ላጎብጠው ሞከርኩ፤ አልታዘዝ አለኝ። ከኮርቻው ስወርድ ተመልሶ ጎበጠ። ፈራሁ፤ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

የምርጫው ቀን ደረሰና ሙዚቃዬ ተከፈተ። የእርምጃዎቹን ቅንብር የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ነው የምዞረው። ፈረሱ ወደ ግራ ዞረ። የልጓሙን ጠፍር፣ ዛቡን፣ ልስብ ስል ጣቶቼ አልተንቀሳቀሱም። እግሬ ሳላዘው የፈረሱን ጎን ነካ፣ ወገቤ ሳላዘው ከበደ፣ ፈረሱም አስተምሬው የማላውቀውን እርምጃ እየረገጠ መሀል ሜዳ ገባ። እርምጃውን ግን አወቅኩት። እህቴ ሆስፒታል ተኝታ በጣቷ ብርድ ልብሱ ላይ ትስለው የነበረ ቅንብር ነው፤ ሳትጋልበው ሞተች። ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም።

«እትዬ፣ በናትሽ ተይኝ» አልኩ በሹክሹክታ። አልተወችኝም። ስድስት ደቂቃ ሙሉ በገዛ ገላዬ ውስጥ እንግዳ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ነጥቡ ሲነገር ጭብጨባው ቀለጠ። አንደኛ! ያውም አልሜው በማላውቀው ነጥብ። ቡድኑን የሚመርጠው ሰውዬ እያለከለከ መጣ።

«ቡድኑ ውስጥ ገብተሻል! ብቻ ሁልጊዜ ልክ እንደ ዛሬው ነው መጋለብ ያለብሽ፣ እሺ?»

ዘልዬ ወረድኩ።

«ኧረ ምን ሆነሻል? ፈረስሽ ላይ ሆነሽ ለሽልማት ካልቀረብሽ ውጤትሽ ይሰረዛል እኮ!»

«ይሰረዝ» አልኩት። ሃያ ዓመት የለመንኩትን ነገር በአንዲት ቃል ስጥለው እንባዬ መጣ።

«አበድሽ እንዴ? ጋላቢዋ አንቺ አይደለሽ?»

«አይደለሁም።»

ዛቡን ለቀቅኩት። አልወደቀም። ሁለቱ ጠፍሮች ከፈረሱ አንገት በላይ፣ የጋላቢ እጅ በሚሆንበት ከፍታ ላይ፣ ተወጥረው ቀሩ። ፈረሱ ባዶ ኮርቻውን ይዞ ሜዳውን በሶምሶማ መዞር ጀመረ። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ። እናቴ ብቻ ከተመልካቹ መሀል ብድግ ብላ፣ እያለቀሰች፣ «ልጄ! ልጄ!» እያለች ታጨበጭብ ነበር። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ዞር ብላም አላየችኝም።