የአንድ ሰው ድስት

ፋጡሜ ያንን ብረት ድስት ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላል። ማድቤቱ መግቢያ ላይ ተንሰራፍቶ የተቀመጠ፣ ቂጡ ጥቀርሻ የለበሰ፣ ባለ ሁለት ጆሮ ትልቅ ድስት ነው። ባሏና ስድስት ልጆቿ ከሱ በልተው ነው የኖሩት፤ ለመጣውም እንግዳ ሁሉ ከሱ ነው የወጣለት። አሁን ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከልጆቹም አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዷ ኮምቦልቻ፣ የቀሩት ባሕር ማዶ። ድስቱ ግን ይሄን ወሬ አልሰማም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋጡሜ ለራሷ ሽሮ ልትሠራ ትነሳለች። እጇ የለመደው የስምንት ሰው ልክ ስለሆነ ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ ትከትፋለች፣ ቀና ስትል ድስቱ ተጋምሷል። ያንን ሽሮ ቅዳሜ ትበላለች፣ እሁድ ትበላለች፣ ሰኞ አሙቃ ትበላለች፣ ማክሰኞ አፍንጫዋን ይዛ ትበላለች። ረቡዕ ለሰፈሩ ውሻ ትደፋለታለች፤ ውሻውም ቢሆን ሰሞኑን አሽትቶ ብቻ መሄድ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ምድጃውን ማየት እስኪያስጠላት ድረስ ደረቅ ዳቦ በሻይ ነው። ዳቦው ሲሰለቻት ደግሞ ሽሮ።

«ደግሞ ሽሮ! ያ ረቢ፣ ደግሞ ሽሮ!» ትላለች ብቻዋን።

አንድ ጠዋት ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የበኩር ልጇ ሙስዐብ ነው፣ አዲስ አበባ ሱቅ ያለው።

«ኡሚ፣ ከማድቤትሽ ጭስ ከወጣ ቆየ አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ማንም ይሁን። ደረቅ ዳቦ ነው የምትበላው አሉኝ። ወላሂ ከዚህ በኋላ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ልብስሽን አዘጋጂ። ፈይሩዝ ክፍልሽን አጽድታ ጨርሳለች። ቤቱን እናከራየዋለን።»

«ማን ጠየቀህ አንተን?»

«ኡሚ፣ በቃ፣ አለቀ» ብሎ ዘጋው።

አለቀ! ሙሽራ ሆና የገባችበት ቤት፣ ስድስት ልጅ የወለደችበት፣ የባሏን አስከሬን ያስወጣችበት ቤት በአንድ ቃል አለቀ! በምራቷ በፈይሩዝ ላይ ምንም የላትም፤ ጨዋ ልጅ ናት። ግን የሰው ሶፋ ላይ ተቀምጣ «እማማ፣ ምሳ ደረሰ» እስክትባል እየጠበቀች ልትሞት ነው? ፋጡሜ ፈራች። እውነቱን እንናገር ከተባለ በጣም ፈራች። ከዚያ ፍርሃቱ ወደ ንዴት ዞረ፤ ንዴቱም አጥር ሥር ወሰዳት። ማድቤቷን ከደጇ ሆና የምታይ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

«አመልማል! አንቺ አመልማል! ነይ እስቲ ውጪ!»

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ አመልማል መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ወጣች።

«ለልጄ ጭሴን የምትቆጥሪለት አንቺ ነሽ?»

አመልማል መርፌውን ከአፏ አወጣች። ለመካድ እንኳን አልሞከረችም። «እኔ ነኝ እትዬ ፋጡሜ። ደውሎ ጠየቀኝ፤ ያየሁትን ነገርኩት። ጉንጭዎ ገብቷል እኮ! አንድ ቀን ወድቀው ባገኝዎትስ፣ ምን ብዬ ልመልስለት?»

«ታዲያ ምድጃ የምለኩሰው ለማን ብዬ ነው?»

«ለራስዎ ነዋ!»

«በዚያ ድስት? ለራሴ?»

«ትንሽ ድስት ይግዙ ታዲያ!»

ፋጡሜ እንደተሰደበች ሁሉ ወደ ኋላ አለች። ትንሽ ድስት? በሷ ቤት? ድንገት ሰው ቢመጣ ምን ልታቀርብ ነው? ትንሽ ድስት የምትጥድ ሴት እኮ እንግዳ አይምጣብኝ ብላ በሯን እንደዘጋች ነው የምትታየው። ከዚህም የባሰ ነገር ነበር፤ እሱን ለአመልማል አልነገረቻትም። ትንሽ ድስት ከገዛች፣ ልጆቿ እንደማይመለሱ በገዛ አፏ አመነች ማለት ነው።

«እሺ፣ ድስቱን ይተዉት» አለች አመልማል ድምፅዋን አለስልሳ። «የሚወዱትን ይንገሩኝና ሥጋ የሌለበት ከሆነ እኔው ሠርቼ አመጣልዎታለሁ። ምን ይወዳሉ?»

«እኔ?»

ባሏ ምን እንደሚወድ ታውቃለች፤ ምስር ነው፣ በርበሬው ደፈር ያለ። ሙስዐብ ሽንኩርት በዓይኑ ካየ አይበላም። ትንሿ ልጇ ቃሪያ ከሌለ ታኮርፋለች። እሷስ? አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንደገና አሰበች፤ አሁንም ምንም።

«ኧረ በአላህ!» አለች በመጨረሻ። ዕድሜዋን ሙሉ ይሄን አፍ ተሸክማ ኖራ ምን እንደሚወድ አታውቅም! ይሄ ከሙስዐብ ስልክ የበለጠ አንገበገባት። አመልማልን ደህና ዋይ እንኳን ሳትላት ገባች።

በገበያው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ባጃጅ ያዘችና ዕቃ ተራ ወረደች። ድስት ሻጩ እንድሪስ ከሩቅ ያውቃታል፤ በኦሮምኛ ሰላም አላት።

«አካም ጅርቱ እናቴ?»

«ነገያ፣ አልሐምዱሊላህ። ድስት አሳየኝ።»

አንዱን አነሳላት። «ያንሳል» ስትለው ደስ ብሎት ትልቁን ሊያወርድ ተንጠራራ።

«ኧረ ተወው! የምፈልገው ከዚህ ያንሳል ማለቴ ነው፣ ያነሰ አምጣ!»

እንድሪስ ግራ ገብቶት ከሥር ሲበረብር ቆይቶ አንዲት ድስት ብቅ አደረገ። «እናቴ፣ ይቺ እንኳን አትሆንዎትም። ይቺ ለአንድ ሰው ናት።»

«እና እኔ አንድ ሰው አይደለሁም?»

አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። «ነዎት እንጂ! ወላሂ ነዎት!» አለ እንድሪስ፣ ድስቷን በጨርቅ እየወለወለ።

ድስቷን ነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ስትወጣ ነው ዱባውን ያየችው። አንዲት ከጨፋ የመጣች ገበሬ ማዳበሪያ አንጥፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ የተቆረጠ ዱባ አለ፣ ውስጡ ቀይ ብርቱካን የመሰለ። ፋጡሜ ቆመች። ልጅ ሳለች፣ ሳትዳር፣ እናቷ ዱባ በቋንጣ ስትሠራ ድስቱን በጣቷ ጠርጋ የምትጨርሰው እሷ ነበረች። ተድራ ከሚሴ እንደመጣች ያንኑ ሠራች። ባሏ አንዴ ጎርሶ «ዱባ የከብት ነው» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጀነት ይስጠው፤ ዱባ አይወድም፣ በቃ። ከዚያ ቀን ወዲያ ዱባ እዚያ ቤት አልገባም። ይቆጫል፤ እሷም አንድ ቀን እንኳን «እኔስ?» አላለችም።

«ያቺን ትልቋን ቁረጪልኝ» አለች፣ ሰው የሚቀማት ይመስል ተጣድፋ።

ዓርብ ከሰዓት ሞከረችው። ምን ዋጋ አለው! ድስቱ ቢያንስም እጁ ያው ነው። በርበሬውን እንደ ልማዷ ጭብጥ ሙሉ አነሳች፣ ጨውንም እንደዚያው፤ ቀምሳ ብታየው ምላሷ ተቃጠለ። አውጥታ ደፋችው። የቀረውን ዱባ አየችና ተስፋ ቆረጠች። ተይው ይቅርብሽ፣ ዳቦሽን በሻይ ብዪ አላት ሆዷ።

«አልበላም!» አለች ጮክ ብላ። «አልበላም ብያለሁ!»

«ምን ሆኑ እትዬ ፋጡሜ?» አለች አመልማል ከአጥሩ ወዲያ።

«አንቺን አይደለም! ሥራሽን ሥሪ!»

ያን ማታ አመድ አውጥታ ትልቁን ድስት ትፈትግ ጀመር። ለምን እንደምትፈትገው ለራሷም አልገባትም ነበር። እልህ ይዟት ፈተገችው፤ ጥቀርሻው ተላቅቆ የተረሳው ብረት ብቅ እስኪል ድረስ ፈተገችው።

ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ምድጃዋን ለኮሰች። አንዲት ራስ ሽንኩርት ብቻ ከተፈች፤ ሌላ ልታነሳ የሄደውን እጇን በሌላው እጇ መታችው። ጨፋ ሮቢት ያለው ወንድሟ ከላከላት ቋንጣ ጥቂት ሰበረች። በርበሬውን በማንኪያ ጫፍ ወሰደች። ዱባው ገብቶ ሲለሰልስ ቅቤ ጠብ አደረገችና በኮረሪማ ጨረሰችው። ጭሱ በማድቤቱ ጣራ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ዞረ። አመልማል ሆን ብላ አሳለች።

«ጭስ ወጣ እኮ እትዬ ፋጡሜ!»

«ደውይለታ!»

እንጀራዋን ዘርግታ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። ዱባው ጣፋጭ ነው፣ ቋንጣው ጨው ጨው ይላል፣ በርበሬው ልኩን አግኝቷል። የእናቷ ነው። ዕንባዋ መጣ፤ በበርበሬው አላመካኘችም። ደስ ስላላት ነው ያለቀሰችው።

ገና ሁለተኛውን ስትጎርስ ደጅ ላይ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ።

ብድግ አለች። እግሯ ሳታዘው ወደ ትልቁ ድስት ሮጠ፤ እጇ ጆሮውን ያዘ። ልጇ መጣ! ርቦት መጣ! ሽሮ ለመጣድ፣ ሽንኩርት ለመክተፍ ሁለመናዋ ተነሳ። ያኔ ነው ወደ ዱባዋ ዞራ ያየችው፤ ትኩስ ነው፣ እንፋሎቱ ገና ይወጣል። ድስቱን ለቀቀችና ተመልሳ ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ከባድ ነገር ሠርታ አታውቅም።

ሙስዐብ አቀርቅሮ ገባ፤ ከድሮው ወፍሯል። ግንባሯን ስሞ ማዕዱን ሲያይ ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ! ኡሚ፣ ሠርተሻል!» አለና እጁን ታጥቦ ሊቀመጥ ዱካ ሳበ።

«ለአንድ ሰው ነው የሠራሁት» አለች።

ቀልድ መሰለው፤ ሳቀ። ወደ ትንሿ ድስት አንገቱን አሰገገ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ይቺ ሴት «በልቻለሁ» እያለች፣ ዋሽታ የራሷን ድርሻ እያጎረሰች ነው ያሳደገችው። አሁን ፊቱ ተቀምጣ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ትበላለች!

«ኡሚ፣ እኔ እኮ ከሌሊት ጀምሮ ምግብ አልቀመስኩም።»

«አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ሞልቷል። እናቴ አትበላም ብለህ አይደል ልትወስደኝ የመጣኸው? ይኸው እየበላሁ ነው። ቁጭ በልና እየኝ።»

ሙስዐብ ኩም አለ። ቁጭ ብሎ አያት። ጠቅልላ ትጎርሳለች፣ ታላምጣለች፣ ጣቷን ትልሳለች።

«ምንድን ነው ግን እሱ?» አለ ምራቁን እየዋጠ።

«ዱባ።»

«ዱባ? አባዬ አይወድም ነበር እኮ።»

«አባትህ አይወድም ነበር። እኔ እወዳለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ሳትወለድ። የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።»

 ፋጡሜ የመጨረሻውን ስትጠቀልል እጇ አየር ላይ ቆመ። እናት ናት። አጎረሰችው፣ አንዲት ብቻ። ሙስዐብ ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ሽንኩርቱንም አልፈለገበትም።

«ነገ ምንድን ነው የምትሠሪው?» አለ ቆይቶ።

«ሲነጋ አፌን እጠይቀዋለሁ።»

እሷን ስለ መውሰዱ እሱም አላነሳ፣ እሷም አላነሳች። ሊሄድ ሲነሳ ግን «ባዶህን አትሄድም» አለችና ትልቁን ድስት ከማድቤት አውጥታ፣ የልብስ ሻንጣዋ ሊቀመጥበት ከነበረው ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አመዱ አጽድቶት ያብረቀርቃል።

«ይሄን ምን ላድርገው?»

«ለፈይሩዝ ስጣት። እናንተ ብዙ ናችሁ።»

«ሰው ቢመጣብሽስ ኡሚ?»

ፋጡሜ የመኪናውን በር በኃይል ዘጋችው።

«የምትመጡት እናንተ ከሆናችሁ፣ ሁላችሁም ኑ፤ ድስቱንም ይዛችሁ ኑ።»