የሩሎው ጫፍ

አምስቱ የተቀቀሉ እንቁላሎች ተልጠው በተርታ ተቀምጠዋል። ራሊትሳ በማስመሪያ ለካቻቸው፤ እያንዳንዳቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ናቸው። ሩሎ የሚባለው የስጋ ጥቅል የሚገባበት መጋገሪያ ሠላሳ ነው። እንቁላሎቹ በተፈጨው ስጋ መሐል ገጥመው ሲተኙ በግራ ሁለት ተኩል፣ በቀኝ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያለ እንቁላል ይቀራል። በከተማው የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ሃያ ዓመት የሠራች ሴት ናትና ሳትለካ ምንም አታምንም።

“እማዬ ትሠራው እንደነበረው አድርጊው እንጂ፣” አለ ባሏ ፕላመን በሩ ላይ ቆሞ። “ያለ ሩሎ አርባዋ አርባ አይሆንም።”

“እሳቸው ይሠሩት እንደነበረው ነው የምሠራው። ቅንጣት አልለውጥም።”

ፕላመን ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። ከመቃብር የመጡት ሰዎች ሳሎን ውስጥ የራኪያ አረቄያቸውን ይዘው ይንሾካሾካሉ።

“ምራቲቱ ትችለዋለች ብለሽ ነው?” ትላለች ጎረቤታቸው ሩሳ፤ ጆሮዋ ስለደከመ ሹክሹክታዋ ግድግዳ ያልፋል። “የዮንካ እጅ እኮ ሌላ ነበር!”

ራሊትሳ ስጋውን በመዳፏ ጠፈጠፈችው። የአማቷን የዮንካን እጅ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እሁድ በመጣ ቁጥር፣ ያ እጅ ሩሎውን ከግራ መቁረጥ ይጀምርና የመጀመሪያዋን ቁራጭ፣ እንቁላል የሌላትን ደረቅ ጫፍ፣ ምራቷ ሳህን ላይ ያሳርፋታል። ቀጥሎ የፕላመን ይቆረጣል፤ አስኳሉ መሐል ለመሐል ቁጭ ያለ። አንድ እሁድ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች፣ “እማዬ፣ ዛሬ ለእኔም ከመሐሉ ቢሰጡኝ?” ብላ ነበር።

“ጫፉ ነው በደንብ የሚበስለው። ብዪ፣” አለች ዮንካ ቀና ሳትል።

ፕላመን ያኝክ ነበር። ማኘኩን አላቆመም።

ከዚያ ወዲህ ራሊትሳ አልጠየቀችም፤ እሁዶቹን ቆጠረች እንጂ። ዛሬ ግን ቢላው በእሷ እጅ ነው። በማዕዱ ራስ ለሟቿ ሳህን ይቀመጣል፤ የመጀመሪያውም ቁራጭ የሟች ነው። ያችን ጫፍ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዮንካ ሳህን ላይ ልታሳርፋት አርባ ቀን ጠብቃለች።

ሩሎው ከምድጃ ወጥቶ በረድ ሲል የፕላመን እህት ጌርጋና ሳህን ልትወስድ ገባች። ራሊትሳ የግራውን ጫፍ ቆርጣ ለብቻው አደረገችው።

“ይኼ የማን ነው?”

“የእናትሽ።”

ጠብ ጠብቃ ነበር። ጌርጋና ግን ሳቀች፤ እየሳቀችም ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“ሳትረሺላት! እሷ እንኳ የቀኙን ነበር የምትበላው። እናንተ ከማዕድ ስትነሱ፣ እዚህ ቆማ፣ ከመጋገሪያው ላይ በጣቷ።”

“የቱን ቀኝ?”

“እንዴ! ሩሎ ሁለት ጫፍ አይደል ያለው? ድሮ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ ነበር። የኛ ጌታ፣ ወንድሜ፣ እንቁላል ካላየ ማዕዱን ረግጦ ይነሳ ነበራ! ‘እኛ ሴቶቹ እንችለዋለን’ ትለኝ ነበር። አንቺ በሙሽርነት የመጣሽ ለት እንዴት እንደተደሰትኩ ብታዪ፤ ተመስገን፣ ጫፉን የሚበላልኝ መጣ አልኩ።”

ራሊትሳ ቢላውን አስቀመጠች። እሁድ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ፣ አኩርፋ ወደ በረንዳ ስትወጣ የምታየው የዮንካን ጀርባ ነበር። መጋገሪያውን የምትፈገፍግ ይመስላት ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ከሁለት ናሙና አንዱን ብቻ አይቶ ውጤት የሚጽፍ ሠራተኛ ቢኖር አንድ ቀን አታሳድረውም። እሷ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆጠረችው አንዱን ጫፍ ብቻ ነው።

ይቅር ማለት አልሆነላትም። ዮንካ የወንድ ልጇን ድርሻ ተሸክማ ግማሹን በእሷ ላይ ጭናለች፤ ይህም በደል ነው። ቂሟ ግን ድሮ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ጠፋው።

“አልደረሰም እንዴ?” አለ ፕላመን ከሳሎን። “ራበን እኮ!”

“ደርሷል፣” አለች፤ የቀኙንም ጫፍ ቆረጠች።

በማዕዱ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ከሟቿ ጋር አሥራ ሁለት ሳህን። የግራውን ጫፍ ዮንካ ሳህን ላይ፣ ከወይኑ ብርጭቆ አጠገብ አደረገች። የቀኙን ፕላመን ፊት አስቀመጠች። የቀሩትን አዳርሳ፣ ለራሷም ከመሐሉ አንስታ ተቀመጠች።

“ይኼ ምንድን ነው?” አለ ፕላመን። “እንቁላል የለውም እኮ።”

“የእናትህ ድርሻ ነው። አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ላንተ። ጫፉ ነው በደንብ የሚበስለው።”

“ምን አለች? ምን አለች?” አለች ሩሳ።

“ብዪ፣ ሩሳ፣ ይበርድብሻል፣” አለች ጌርጋና ከሳህኗ ቀና ሳትል።

ራሊትሳ አስኳሉን ቀመሰችው። እንደ ማንኛውም አስኳል ነበር። ጨረሰችው።

ሳህኖቹ ሲነሱ ከአሥራ ሁለቱ ቁራጮች አሥሩ ተበልተዋል። ሁለቱ ጫፎች፣ የዮንካና የልጇ፣ ሳይነኩ ቀርተዋል።