የጠብታ ልክ

«አንተ ቁምሳጥን፣ ከበሩ ላይ ዞር በል እንጂ! ሰው አላስገባ አልክ እኮ» አለችው ታላቅ እህቱ እትዬ፣ የሻይ ኩባያ የደረደረችበትን ትሪ በሁለት እጇ ይዛ።

ቁምሳጥን ዞር አለ። ዞር ማለት እንኳን ለሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትከሻው ብቻውን የበሩን ግማሽ ይይዛል፣ ስሙንም ሰፈሩ ያወጣለት ለዚሁ ነው። ከውጭ የመጡት ሴቶች ጎንበስ ብለው በብብቱ ስር አለፉ። «እግዜር ያጽናህ» አሉት በየተራ።  ዓይኑ ፀጉራቸው ላይ ነበር።

ፀጉራቸውን የሠራቻቸው ሟቿ ናታ! ጠብታ፣ መንትያ እህቱ። ባለፈው ሳምንት ነው አንገታቸውን ገንዳ ላይ አስደግፋ ያጠበቻቸው፣ የተኮሰቻቸው። የአንዷ ቀለም ገና ትኩስ ነው፤ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ያልተጠረገ ጥቁር ምልክት ቀርቷል። የጠብታ እጆች አፈር ውስጥ ናቸው፤ ሥራዋ ግን ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።

ከግድግዳው በኩል ሹክሹክታ ተጀመረ። ለቅሶ ቤት ሰው ቀስ ብሎ ያወራ ይመስለዋል እንጂ ሁሉም ነገር ይሰማል።

«ምን ነክቷት ነው ግን? ደህና አልነበረች?»

«ንዴት ነው አሉ።»

«የምን ንዴት?»

«ከልጇ ጋር። ጠዋት በስልክ ተጨቃጨቁ፣ ከሰዓት ሰው ፀጉር ላይ እንዳለች ደረቴን፣ ጀርባዬን አለች፣ አለቀ።»

«ያቺ ነፍሰ ጡሯ? ውይ! እሷስ እንዴት ትችለዋለች?»

«ቀስ በይ፣ ከኋላ ክፍል ናት።»

ቁምሳጥን ጥርሱን ነከሰ። ንዴት አይደለም! ብሎ ቢጮህ ሻዩ ከነትሪው ይደፋ ነበር። ግን ንዴት ካልሆነ ምንድነው ብለው ይጠይቁታል። እሱ ደግሞ ምን እንደሆነ ያውቃል። ችግሩም ይሄው ነው፣ ማወቁ።

ቁምሳጥንና ጠብታ ከአንድ ሆድ በአንድ ቀን ወጥተዋል ቢባል የሚያምን አልነበረም። እሱ ከተወለደ ጀምሮ እንደዚህ ግዙፍ ነው፣ የእናቱን ወተት ለብቻው ጨርሶት ይሆናል ይሉታል። እሷ ደግሞ ረጅም ደንበኛ ከመጣባት ፀጉር የምትሠራው የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጥታ ነበር። አብረው መንገድ ሲሄዱ ልጆች «ልጅህ ናት?» ይሉታል። «እናቱ ነኝ!» ትላቸዋለች እሷ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

እሱ ሙያው ቧንቧ ነው። ፎቅ ቤቶች ላይ ውሃ ይዘረጋል። ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ሊቀጠር ሲል አሠሪዎቹ የጤና ምርመራ አምጣ አሉት። ሄደ። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ አዳምጦ ፊቱ ተቀየረ፣ ወደ አልትራሳውንድ ላከው።

«ከልብዎ የሚወጣው ትልቁ የደም ስር፣ አኦርታ የምንለው፣ ትንሽ ሰፍቷል» አለው ሲመለስ። «አራት ነጥብ አምስት ሳንቲሜትር። እርስዎ ግዙፍ ሰው ስለሆኑ ለጊዜው ብዙ አያሰጋም። ግፊትዎን እንቆጣጠራለን፣ ከባድ ነገር አያንሱ፣ በየዓመቱ እየመጡ ይለካሉ። ግን ይሄ ነገር በዘር ሊመጣ ይችላል። ወንድም እህት አለዎት?»

«መንትያ እህት አለችኝ። ታላቅም አለችን።»

«ሁለቱም ይታዩ። መንትያዋን ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ ያምጧት።»

የእትዬ ደህና ሆነ። ጠብታንም አመጣት፣ እየጎተተም ቢሆን። መርማሪዋ አልጋ ላይ አስተኝታት፣ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ደረቷ ላይ ቀብታ ስታበቃ፣ «ቁመትዎ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ቁመቴን ምን ልታደርጊው ነው? ቀሚስ ልታሰፊልኝ?»

ሴትየዋ ሳቀች። «ልኬቱ ከሰውነትዎ ጋር ነው የሚታየው። አራት ነጥብ ሦስት ነው የመጣው። ትርጉሙን ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ ራሱ ያስረዳዎታል። እንዳይቀሩ።»

ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ቁምሳጥን በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል።

«አራት ነጥብ ሦስት! እኔ አራት ነጥብ አምስት ነኝ። በለጥኩሽ!»

«አንተ ደግሞ በበሽታም መብለጥ ትወዳለህ።»

«ቆይ ስሚኝ፣ ስለዚህ ነገር ለኔ ነው የምትነግሪኝ? ዕድሜ ልኬን የሠራሁት እኮ ቱቦ ነው። የሚያሰጋው የሰፋው ነው። ያንቺ ከኔ ይጠባል። ለሰፋው በዓመት አንዴ ብቅ በል ካሉ ለጠባቡ ምን ያስቸኩላል?»

«ታዲያ ሐሙስ ልቅር?»

«ሐሙስ ሙሽራ አለችኝ ስትዪ አልነበር?»

«አለችኝ። ከነሚዜዎቿ።»

«እና? እዚህ ተጎልተሽ ሙሽራ ልታሳልፊ? አይዞሽ፣ ቀድሜሽ የምሞተው እኔ ነኝ።»

ጎኑን በክርኗ ደቃችው። ክርኗ የሚደርሰው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር። «አፍህን ዝጋ! አንተ ከሞትክ ከላይ መደርደሪያ ዕቃ ማን ያወርድልኛል?»

እየተሳሳቁ ደረጃውን ወረዱ። ሐሙስ ሙሽራዋን አስውባ ሸኘች። ቀጠሮው ለሌላ ሳምንት ተባለ፣ ከዚያ ለሌላ፣ ከዚያ ተረሳ። እሱም አላስታወሳትም። ምን ብሎ ያስታውሳት? ልቡ ሙሉ ነበር።

ጠብታ የሞተች ቀን ያው ሐኪም ከድንገተኛ ክፍል ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አገኘው። መጀመሪያ ትከሻውን ያዝ አደረገው። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ጠየቀው።

«ያን ሐሙስ እህትዎ ለምን ቀሩ?»

ቁምሳጥን አንገቱን ደፋ። ሐኪሙም አላስጨነቀውም፣ በቀስታ ያስረዳው ጀመር። «እርስዎ ላይ አራት ነጥብ አምስት ማለት ጥቂት መስፋት ነው፣ ከትልቅ ሰውነት ጋር የመጣ ትልቅ የደም ስር ነው። እሳቸው ግን ትንሽ ሴት ነበሩ፣ የደም ስራቸው ከመነሻው ጠባብ ነው። ለእሳቸው አራት ነጥብ ሦስት በጣም ብዙ ነው፤ መጨረሻ ላይ ተቀደደ። ቁጥሩ ከእርስዎ አነሰ እንጂ አደጋው ይበልጥ ነበር። ሴቶችን በወንድ ልክ የለካን ጊዜ ብዙ እናጣለን።»

በቃ፣ ያን ጊዜ ገባው። ግማሽ ኢንች ቱቦ አብጦ የአንድ ኢንች ቱቦ ሲያክል ቢያይ፣ የማያውቀው ሰው ቤት እንኳ ቢሆን ዋናውን ውሃ ዘግቶ «ውጡ!» ብሎ ይጮህ ነበር። ቱቦ ስንት ሆነ ተብሎ አይበቃም፣ ስንት ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ይሄንን ለስንቱ ተለማማጅ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ለእህቱ ሲሆን ጠፋበት።

«ልጆች አሏቸው?» አለ ሐኪሙ።

«አንድ ሴት ልጅ። ነፍሰ ጡር ናት።»

ሐኪሙ ቀና አለ። «ትታይ። ከቀብሩ በኋላ ወዲያው ትታይ። እርግዝና ላይ ጫናው ይጨምራል፣ ጊዜ አትስጡት።»

ከዚያ ወዲህ ይሄንን ቃል አፉ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ሊውጠውም ሊተፋውም አልቻለም። ዛሬ ግን፣ ያንን ሹክሹክታ ከሰማ በኋላ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ማድቤት ሄደ። እትዬ ኩባያ ታጥባለች።

«እትዬ፣ ልነግራት ነው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ንዴት እንዳልሆነ። መታየት እንዳለባት።»

እትዬ የቧንቧውን ውሃ ዘጋች። «አብደሃል? እናቷን ቀብራ እንባዋ ሳይደርቅ 'አንቺም እንደሷ ልትሆኚ ነው' ልትላት? ደንግጣ ያለጊዜው ብትወልደውስ? ትውለድና ይደርሳል።»

«ባይደርስስ?»

እትዬ ያጠበችውን ኩባያ መልሳ ታጥበው ጀመር።  ስትናገር ድምጿ የሌላ ሰው መሰለ።

«እሺ ንገራት። ግን ሁሉንም ካልክ ሁሉንም ነው። 'እማዬ መች ታወቀባት?' ትልሃለች። 'ታዲያ ለምን አልታከመችም?' ትልሃለች። ያኔስ?»

ቁምሳጥን ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ነግራኛለች። 'ወንድሜ ያንቺ ከኔ ይሻላል፣ አያስፈልግሽም አለኝ' ብላኝ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አባቷን አታውቀው፣ እናቷ ሄደች። የቀረኸው አንተ ነህ። አንተንም ልትነጥቃት ነው? እስቲ ንገረኝ፣ ማን ሊሆናት?»

 እውነቷን ነው። ልጅቷ ስትወለድ መጀመሪያ የታቀፋት እሱ ነው፣ ትምህርት ቤት በትከሻው ያደረሳት እሱ ነው፣ ስትዳር እጇን ይዞ የሰጠው እሱ ነው። ሚጢ ነው የሚላት፣ እንደ እናቷ ትንሽዬ ናትና። አሁን ደግሞ ያ ትንሽነቷ ራሱ ያስፈራዋል።

ከማድቤት ወጥቶ ወደ ኋላ ክፍል ሲሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። አንዷ ለቀስተኛ ከሚጢ አጠገብ ተቀምጣ ጀርባዋን እየደባበሰች ታጽናናታለች።

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ። እናት ብትናደድም ልጇን አትቀየምም። ይቅር ብላሽ ነው የሄደችው።»

«እትዬ ይፈልጉሻል» አላት ቁምሳጥን ሴትየዋን።

«እኔን?»

«አዎ፣ አንቺን። ቶሎ።»

ሴትየዋ ሻርፗን ሰብስባ ወጣች። በሩን ዘጋው። ሚጢ የእናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሮቿ ወለሉን በጣታቸው ብቻ ይነኩታል። ሆዷ ግን ከሷ ይበልጣል።

«አጎቴ።»

«ወይ የኔ ልጅ።»

«እኔ ነኝ አይደል የገደልኳት?»

«ማነው ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ሁሉም ይቅር ብላሻለች ይሉኛል እንጂ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኔ ዘንድ ካልወለድሽ አለችኝ። እኔ ደግሞ ቤቴ ነው የምወልደው አልኳት። ከዚያ ቃል እየቆራረጠች መናገር ጀመረች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እኔ እልህ ይዟት መሰለኝ። ስልኩን ዘጋሁባት አጎቴ። ለካ መተንፈስ አቅቷት ነው።»

«ሚጢዬ…»

«እግዜር ግን ዝም አላለኝም።» በግራ እጇ ጀርባዋን፣ በትከሻዎቿ መካከል ያለውን ቦታ ልትነካ ሞከረች፣ አልደረሰላትም። «ከቀብሩ ጀምሮ እዚህ ጋ ይወጋኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ይገባኛል ብዬ ነው። ቅጣቴ ነው።»

ቁምሳጥን ጠብታ ያን ቀን «ጀርባዬን» ማለቷን አስታወሰ። የነፍሰ ጡር ጀርባ ይታመማል፣ ይሄንን ማንም ያውቃል፤ ቀን ሙሉ ያለቀሰ ሰውም ይታመማል። ምንም ላይሆን ይችላል። «ምንም አይደለም» ማለት ግን ከዚህ በኋላ አይችልም። ያንን ቃል አንዴ ብሎታል።

ከሳሎን የእትዬ ድምፅ ይሰማል፤ ከወጣችው ሴትዮ ጋር «አልጠራሁሽም እኮ» ይባባላሉ።  እትዬ ግን ወዲያው ገባት። የእግሯ ኮቴ መጥቶ ከበሩ ውጭ ቆመ፣ ግን አላንኳኳችም።

ቁምሳጥን ፊት ለፊቷ ሊቀመጥ ወንበር ፈለገ። ወንበሩ ሁሉ ሳሎን ነው። ተንበረከከ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ጉልበቱ ሲነካው ጮኸ፣ ፊቱም ተጨማደደ። ተንበርክኮ እንኳን ዓይናቸው እኩል ሆነ።

«ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አላት።

«ለምን? ለጀርባዬ ነው? ተወው፣ ያልፋል።»

«አያልፍም። መንገድ ላይ… አይ፣ ሳንሄድ ልነግርሽ ነው። እናትሽ ምን እንደገደላት ልነግርሽ ነው።»

 ሚጢ ከኋላዋ የእናቷን ትራስ ሳበች፣ በሆዷ ላይ እንደምንም ጎንበስ አለችና ጉልበቱ ስር አስገባችለት።

«ሲሚንቶው ይጎዳሃል» አለችው። «እሺ ንገረኝ። ካንተ ከሰማሁት እችለዋለሁ።»

ትራሱ አሁንም የፀጉር ቅባት ይሸታል። ቁምሳጥን አፉን ከፈተ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ እዚያ ትራስ ላይ የተንበረከካችሁት እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ትጀምሩ ነበር፣ «አንቺ አይደለሽም» በሚለው ነው፣ ወይስ «እኔ ነኝ» በሚለው?