የሚያልበው ቀለም

ገመቹን የያዙት ከዓለም ጤና ከተማ የመጣ ሽንኩርት ሲያራግፍ ነው። የአብዮት ጥበቃዎቹ ግራና ቀኝ ክንዱን ሲይዙት ጆንያው ገና ትከሻው ላይ ነበር አሉ፤ መሬት እስኪያስቀምጠው እንኳ አልጠበቁትም። ልጄ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ዙር ከናዝሬት ሰፈራችን ለብሔራዊ ውትድርና ከታፈሱት ልጆች የአንዳንዶቹ መርዶ መጥቷል፤ የቀሩት እናቶች በር በተንኳኳ ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ «ታፈሰ» ሲሉኝ እኔ የሰማሁት «ሞተ» የሚለውን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ሄድኩ፤ ለልመና ሳይሆን ለጠብ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሰንበታ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ክፉ ሰው ነው ብዬ አልምልም። ክፉ ሥራ በደግ ፊት የሚሠራ ሰው ነበር፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ እሱ ይብሳል።

«አበዛሽ፣ ሪፖርቱስ?» አለኝ ገና ሳልጀምር።

የእኛ ቤት የጽሕፈትና የማባዣ ቤት ነው። ታይፑ የእኔ፣ በእጅ የሚዘወረው የማባዣ ማሽን ደግሞ ቀበሌው መዝግቦ የሚያውቀው ነው። የቀበሌውን ሪፖርት ስቴንስል በሚባለው የሰም ወረቀት ላይ መትቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ማባዛት ነበር።

«ልጄን አስረህ ሪፖርት ትለኛለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። ሪፖርቱ ለተሰብሳቢው ካልታደለ እኔም ልጅሽ ያለበት መጋዘን ነው የምገባው። የልጅሽ ስም ገና አልተላለፈም። ልጆቹን የሚጭኑት መኪኖች ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ወረቀቱን አምጪልኝ፣ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ቶሎ በይ!»

ሮጬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው ቀለም እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ።

የማባዣ ቀለም ያኔ እንደ ጥርስ ሳሙና በቱቦ ታሽጎ፣ በፈቃድ፣ ከአዲስ አበባ ነበር የሚመጣው። እኔ ዘንድ የቀረው ግማሽ ቱቦ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሪፖርቱ ሩቡም አይበቃም። ትምህርት ቤት ገብቼ የንብረት ክፍል ኃላፊውን ሙሉብርሃንን ለመንኩት። «እትዬ አበዛሽ፣ ቀለም በፊርማ ነው የሚወጣው፣ ፊርማው ደግሞ የእኔ አይደለም» አለኝ ዓይኔን ሳያይ። አልፈረድኩበትም። ፈርቶ ነው፤ ያኔ ያልፈራ ማን ነበር?

ቤት ስደርስ ባሌ ነጋሳ ማሽኑን ወልውሎ ይጠብቀኛል። ጎረቤታችን መሐመድሰዒድም ወሬውን ሰምቶ መጥቷል። የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል፤ የሰው ችግር ሲሰማ መፍቻውን ይዞ የሚነሣ ሰው ነው።

«ቀለም አለቀ ብላችሁ ነው የምታለቅሱት?» አለ። «ባዶውን ቱቦ ቂጡን ከፍታችሁ ሙሉት! ጥላሸትና ዘይት ጠፍቶ ነው? የቸገረው እርጉዝ ያገባል።»

እኔና ነጋሳ ተያየን።

«እሱ አይሆንም» አለ ነጋሳ።

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩህ እኮ!»

መሐመድሰዒድ ያላወቀው የቤታችንን ጉድ ነው። ነጋሳ አስተማሪ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ሲታሸግ እሱም ከሥራው ተባረረ። እኔ የቡልጋ ቄስ ልጅ ነኝ፤ እሱን አግብቼ ጴንጤ ስሆን አባቴ «ሴት ልጅ አልወለድኩም» ብሎ ተወኝ። ከታሸገብን በኋላ በየቤቱ እየተሰበሰብን፣ ድምፃችንን አፍነን እንዘምራለን። መዝሙሩን የማባዛው እኔ ነኝ። የፈቃዱን ቀለም ግን ለዚያ አንነካም፤ ቀበሌው ይቆጣጠረዋል። ስለዚህ ነጋሳ ቀለም ያበስላል። የኩራዝ ጥላሸት ሰብስቦ በጉሎ ዘይት ያፈላዋል። ሲወፍር በባዶ ቱቦ እንሞላውና ቂጡን አጥፈን በመዶሻ እንመታዋለን። ደህና አድርጎ ይጽፋል። ነውሩ አንድ ነው፤ ሲያድር ያልባል። ዘይቱ በየፊደሉ ዙሪያ ይወጣና ቢጫ ጥላ ይሠራል።

መቂ አጠገብ አንድ ቤት ሲፈተሽ መዝሙራችን ተያዘ። አንድ የደኅንነት ሰው ቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየን። «ይህ የሚያልብ ፊደል ከየትኛው ማሽን እንደወጣ የደረስንበት ቀን፣ አብረው የሚዘምሩትን ሁሉ አንድ በአንድ እንለቅማቸዋለን» አለ። ማባዣ ያለው ሁሉ ናሙና አትሞ እንዲያስረክብ ታዘዘ። እኔም በመንግሥት ቀለም አትሜ አስረከብኩ። ፊደሎቼ ደረቅ ነበሩ፤ በላብ የተነከርኩት እኔ ነኝ። በዚያው አለፍን።

አሁን ግን ከከሰሉ ጆንያ ኋላ፣ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ያ ቀለም ተቀምጧል። ልጄን የሚያወጣ ቀለም። ሪፖርቱን በእሱ ባትመው ገመቹ ዛሬ ቤቱ ይገባል፣ ነገ ፊደሉ ሲያልብ ግን አብረውን የሚዘምሩት ሁሉ ይለቀማሉ።

መሐመድሰዒድ ብልህ ነው፤ አልጠየቀም። ራሱን አክኮ «እንግዲያው ያለቻችሁን ግማሽ ቱቦ በላምባ እናቅጥናት» አለ። «ቱቦ መሙላት ይቅር። ከላይ ሰቅለን ሳትቋረጥ እናንጠባጥባታለን። ጠብ፣ ጠብ እያለች ትበቃለች።» ሮጦ ሄዶ ሚስቱ ስትታመም የተሰጣትን የጉሉኮስ ጠርሙስ ከነቀጭን ቱቦው ይዞ መጣ። ጠርሙሱን ከጣራው ምስማር ላይ አንጠለጠለው፣ የቱቦውን ጫፍ ወደ ማሽኑ ከበሮ አስገባ፣ የጠብታውን ፍጥነት በትንሿ መቆጣጠሪያ አስተካከለ።

«በዚህ ማንም አይጎዳም» አለኝ ነጋሳ በጆሮዬ።

«ከተበላሸስ?»

የማሽኑን እጀታ ያዘ።

ጀመርን። ነጋሳ ይዘውራል፣ እኔ ወረቀት አቀብላለሁ፣ መሐመድሰዒድ ጠርሙሱን ይጠብቃል። ፊደሉ ሳሳ ያለ ቢሆንም ይነበባል። እየቆሙ ቱቦ መጭመቅ የለ፣ እጅ መቆሸሽ የለ፤ ወረቀቱ እንደ ውኃ ወረደ። ሳቅኩ። ልጄ መጋዘን ውስጥ ታስሮ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። «ይህን የፈጠረ ሰው ሚኒስትር መሆን ነበረበት» አልኩት መሐመድሰዒድን፣ እሱም «ሚኒስትርነቱ ይቅርብኝ፣ ዕድሜ ይስጠኝ» አለ።

የናዝሬትን የቀትር ፀሐይ ግን ረስተናል። ቆርቆሮ ጣራው ሲግል ቤቱ እሳት ሆነ። በላምባ የቀጠነው ቀለም ጭራሽ ውኃ ሆነ፤ ጠብታው ፈጠነ፣ መሐመድሰዒድ ሊያጠብቀው መቆጣጠሪያውን ሲነካ ላብ ባለው እጁ ሳበውና ቱቦው ከጠርሙሱ ተነቀለ። ያ ሁሉ ቀለም በማሽኑ ላይ፣ በወረቀቱ ላይ፣ ከዚያም መሬት ላይ ፈሰሰ። አፈሩ ጠጣው። በእጄ ልዝቀው ሞከርኩ፤ ጭቃ ዘገንኩ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ስቴንስሉን በጋዜጣ ጠርገን አተረፍነው። የታተመው ወረቀት ከሚፈለገው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

«ቆርቆሮውን አምጣ» አልኩት ነጋሳን።

«አበዛሽ።»

«አምጣ አልኩህ!»

መሐመድሰዒድ እያለ በሰው ፊት የማይወራ ነገር ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲያ ምኑን ልደብቅ? ነጋሳም አልደበቀም። «አብረውን የሚዘምሩ እነ እናትነሽ አሉ» አለ። «መርዳሳ አለ፣ ሚስቱ አራስ ናት። ይህን ቀለም ለቀበሌ ሰጠን ማለት እነሱን ሰጠን ማለት ነው።»

«የእነሱ ልጆች ቤታቸው ናቸው!»

«እንጸልይበት።»

«አንተ ጸልይ። እኔ እሞላለሁ።»

ከከሰሉ ኋላ ቆርቆሮውን አወጣሁት። መሐመድሰዒድ ቀለሙን አየ፣ እኛን አየ። የሚያልበውን ፊደል እሱም ስብሰባው ላይ አይቶታል። ወጣ፣ በሩን ከውጭ ዘጋው፣ ደጃፉ ላይ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። ማንም እንዳይገባ ሊጠብቅልን ነው።

እኔ ባዶውን ቱቦ ልከፍት ታገልኩ። እጄ እንቢ አለኝ። ነጋሳ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ፤ አልጸለየም። ከዚያ ቱቦውን ከእጄ ወሰደ። «ተይው፣ ትደፊዋለሽ» አለ። ራሱ ከፈተው፣ ራሱ ሞላው፣ ቂጡን አጥፎ ራሱ በመዶሻ መታው። እስከ መጨረሻው ወረቀት ድረስም የዘወረው እሱ ነው። በመካከል ቀና ብዬ አየሁት፤ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ እጁ ግን አልቆመም።

ስንጨርስ ታጥቦ የእሑድ ኮቱን ለበሰ። «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለኝ። ለልጁ ብሎ የለበሰ መሰለኝ።

ጓድ ሰንበታ ወረቀቱን አገላበጠ፣ አሸተተ። «ላምባ ላምባ ይላል» አለ። «ሙቀቱ ነው» አልኩት። ስለ ፊደሉ ምንም አላለም፤ ቀለሙ ገና ትኩስ ነበር፣ ትኩስ ቀለም አያልብም። የመልቀቂያዋን ወረቀት ፈርሞ ሰጠኝ። ገመቹ ቀበቶውን ስለወሰዱበት ሱሪውን በእጁ ይዞ ወጣ። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። አቅፌው ምን እንዳልኩ አላውቅም። ነጋሳ ግንባሩን ይዞ ሳመው፤ «ኢልማ ኮ» አለው፣ ልጄ ማለቱ ነው። ከዚያ እኔን ወደ ጎን ሳበኝ።

«አሁኑኑ ወደ ዝዋይ፣ ወደ እህቴ ወደ ጉዲቱ ላኪው። እኔ እዚህ በሩ ላይ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ።»

«ለምን?»

«መኪኖቹ እስኪወጡ። ከወጡ በኋላ ልጁን መልሰው ሊጭኑት አይችሉም። ያኔ እገባና ቀለሙን ያበሰልኩት እኔ ነኝ፣ መዝሙሩንም ያባዛሁት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ እላለሁ። ሚስቴ ቱቦው ውስጥ ያለውን አታውቅም እላለሁ። ነገ ፊደሉ ሲያልብ የሚፈልጉት ሰው እጃቸው ላይ ካለ ሌላ ቤት አይሄዱም።»

«አንተ እኮ ውሸት አትችልም!»

«ዛሬ እችላለሁ።»

«ይገርፉሃል፣ ነጋሳ። ስም አውጣ ይሉሃል።»

«አውቃለሁ» አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ ፈርቶ ነበር። «ሂጂ በቃ። ልጁ እንዳይገባው።»

የኮቱን ጫፍ ጨብጬ ቆምኩ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንደዚያች ሰዓት ወድጄው አላውቅም፣ እንደዚያች ሰዓትም ጠልቼው አላውቅም። ልጩህ? ብጮህ ሰንበታ ይወጣል። ልቅር? ብቀር ልጄ ይቀራል። ገመቹ ከበሩ ማዶ «እማዬ፣ ምን ሆናችሁ?» ሲል ኮቱን ለቀቅኩት።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ የዝዋይ መኪና እየሞላ ነበር። ገመቹን መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። የሰንበታን ፊርማ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት፣ ኬላ ላይ ከጠየቁት እንዲያሳይ ነገርኩት።

«አባዬ ለምን አልሸኘኝም?» አለኝ።

«ከጓድ ሰንበታ ጋር ጉዳይ አለው።»

«የምን ጉዳይ?»

«የቀለም።»

ያኔ የጭነት መኪኖቹ በዋናው መንገድ መጡ። ልጆቹ ቆመው ተጭነዋል፤ ዘምሩ ተብለው አንዳንዶቹ ይዘምራሉ፣ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። እናቶች ከኋላ ይሮጣሉ። አንዷን አወቅኳት፣ ሻሿ ተፈትቶ አንገቷ ላይ ወድቋል። የእኔ ልጅ እዚያ ባለመኖሩ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አላፈርኩም። አቧራው አውቶቡሱን ሸፈነው። የመጨረሻው መኪና ታጥፎ ጠፋ።

«አሁን ከአግዳሚው ብድግ አለ» አልኩ፤ ቃሉ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ማን?» አለ ገመቹ።

«ማንም። መስኮቱን ዝጋ፣ አቧራ ነው።»